የአምቦበር መቃብር አጥር ተንዷል፤ እጃችሁን ዘርጉልን

ሰላም ወገኖቻችን፣

ነገሩን ሳናለባብስ እንንገራችሁ። ባለፈው ክረምት ጎንደር አጠገብ ባለችው የቤተ እስራኤል (የኢትዮጵያ አይሁድ) መንደራችን በአምቦበር የአባቶቻችን መቃብር የላይኛው አጥር ተንዷል። ጎርፉ ከዳገቱ ወርዶ ድንጋዩን ከነጭቃው ጠርጎታል። ጠባቂያችን በላከው ቪዲዮ ላይ ሁለት በሬዎች መቃብሩ መሃል ሲግጡ ይታያሉ። አንደኛው የቆመበትን ቦታ አውቀዋለሁ። አያቴ ያረፈችበት ነው።

አብዛኛው መቃብር ስም እንደሌለው ታውቃላችሁ። የድንጋይ ክምር ነው። ጥቂቶቹ ላይ ብቻ ሲሚንቶው ሳይደርቅ በምስማር የተጫረ ስም አለ። ድንጋዩ ከተነሳ መቃብሩም ጠፋ። ለቤት መሠረት ድንጋይ የሚፈልግ ሰው ደግሞ የሚታየው ባለቤት የሌለው ክምር ነው። ሰውየውን አንፈርድበትም። እ.ኤ.አ. በ1991 ከ14,000 በላይ ሰው በ36 ሰዓት ውስጥ ከአዲስ አበባ ወደ እስራኤል ሲነሳ መንደሮቻችን ባዶ ቀሩ። ሙታኑን የሚጠይቅ ዘመድ አልተረፈም።

ከዚያ በፊት በሱዳን በኩል ወደ እስራኤል ሲወጡ ያለቁት ወደ 4,000 የሚጠጉ ወገኖቻችን የት እንደተቀበሩ የብዙዎቹ አይታወቅም። ኢየሩሳሌም ሄርጸል ተራራ ላይ ባለው መታሰቢያ ቆመን እናለቅስላቸዋለን። የአምቦበሮቹ ግን መቃብር አላቸው። ይህን እያወቅን እናጥፋው?

ያዋጣነው የት ገባ የሚል ጥያቄ በሠርግም በለቅሶም ይገጥመናል። ጠይቁ፣ ደግ ነው። ቁጥቋጦው ተመንጥሯል። መቃብሮቹ አንድ በአንድ ተቆጥረው ፎቶ ተነስተዋል። የአጥሩ ሦስት ጎን ዛሬም ቆሟል። የጠባቂው ደሞዝ አንድ ወር አልተቋረጠም፤ መንገድ በተዘጋበት ጊዜ እንኳ። ለአውሮፕላን ቲኬት ብሎ አንድ አጎራ (የእስራኤል ሳንቲም) የወሰደ የኮሚቴ አባል የለም። ለምን በሲሚንቶ አልተሠራም ላላችሁን፣ ገንዘቡ አልደረሰም። የውሃ መውረጃ ቦይ አለመቆፈራችን ግን የራሳችን ጥፋት ነው። አንክድም።

ጠባቂው ክርስቲያን ጎረቤታችን ነው። አባቱ ማረሻውን የሚያሠራው አያቴ ዘንድ ነበር። በሬዎቹን ያባረረውም እሱ ነው። እሱ ያን ያህል ካሰበ እኛ ምን ነካን?

ኦሪት ላይ አብርሃም የሣራን መቃብር በነጻ ውሰድ ሲሉት እምቢ አለ። 400 ሰቅል ብር መዝኖ ከፈለ። አባቶቻችንም ሬሳ የነካ ሰው ሰባት ቀን ከመንደር ተለይቶ እየተቀመጠ፣ ያን ሁሉ ችለው ነው ሙታናቸውን የቀበሩት። ከኛ የሚፈለገው ስልክ አውጥቶ መላክ ነው።

ገንዘቡን በደብዳቤ ባሳወቅናችሁ የማኅበሩ የባንክ ሂሳብ ብቻ አስገቡ። ከሦስታችን ፊርማ ውጭ አይወጣም። ምክንያት በሚለው ቦታ «ለአጥር» ብላችሁ ጻፉ። ደግመን እንናገር፦ በግለሰብ ስም አትላኩ። በቢት (በስልክ ገንዘብ መላኪያው) ላኩልኝ ብሎ የሚደውል ካለ እኛ አይደለንም። ደረሰኝ ሳትቀበሉ አትቅሩ።

ግንበኛው ከፋሲካ በኋላ (የኛም የክርስቲያኖቹም ካለፈ) እጀምራለሁ ብሏል። ከሰኔ በፊት ካልጨረሰ የቀረውም አጥር ይሄዳል። ድንጋይ ለማስጫን ቀብድ ጠይቆናል፤ እስካሁን አልሰጠነውም። ሂሳቡ ያው የማኅበሩ ነው። «ለአጥር» የምትለዋን አትርሱ።