ይድረስ ለአባቴ፦ ስለ አራቱ ቀንና ስለ ሦስቱ ቀን

አዲስ አበባ፣ ኅዳር 23 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለተከበሩ አባቴ፤

ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። ይህን በስልክ ያልነገርኩዎ እናንተ ቤት ስልክ ሲደወል ድምፁ ተከፍቶ ጎረቤቱ ሁሉ ስለሚሰማው ነው። ፊደሉን አጉልቼ የጻፍኩትም ወንድሜ እንዲያነብልዎ ሳይሆን፣ መነጽርዎን አድርገው ራስዎ እንዲያነቡት ብዬ ነው።

አስቀድሜ የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምናዎን ቁስል ነገር ላንሣ። ስፌቱ የሚፈታው የፊታችን ዓርብ፣ ኅዳር 26 ቀን ነው። ከታዘዙልዎ ክኒኖች አንዱ፣ ሜትሮኒዳዞል የሚባለው፣ ከአረቄ ጋር ስለማይስማማ አንዲት መለኪያ እንኳ እንዳይቀምሱ፤ ቢሻልዎም ክኒኑን እስከ መጨረሻው ይዋጡት። የጾሙን ነገር ለነፍስ አባትዎ ነግሬያቸው እስኪያገግሙ ፈቅደውልዎታል። ቁስሉ ቢቀላ፣ መግል ቢይዝ ወይም ብርድ ብርድ ቢልዎ በዚያው ቀን ሐኪም ቤት መሄድ ነው እንጂ እስኪነጋ መጠበቅ የለም። ወዲያ ወዲህ ማለቱ ጥሩ ነው፤ ከባድ ነገር ማንሣት ግን ለ6 ሳምንት ክልክል ነው፤ ነዶ መሸከምም ከዚያው ይቆጠራል። የቀረውን ገብስ ወንድሜ በደቦ ያሳጭደዋል።

ወንድሜ የደወለልኝ ሆድዎን ባመመዎ በሦስተኛው ቀን ማታ ነበር። "ጨጓራቸው ነው፤ ፌጦ በሎሚ ጠጥተው አሁን ተሽሏቸዋል" አለኝ። ስልኩን ልዘጋ ስል እንደ ዋዛ፣ "ብቻ ቀኝ እግራቸውን አጥፈው ነው የሚተኙት፤ ዘርጉት ስንላቸው ይቆጣሉ" ብሎ ጨመረ። አባቴ፣ ያን አተኛኘት አውቀዋለሁ። እኔም በ15 ዓመቴ በዚያው ቤት፣ በዚያው መደብ ላይ፣ ዝተቱን ነክሼ እንዲሁ ተኝቼ ነበር። "በዚህ ሌሊት ካልወሰድካቸው ሬሳ ትወስዳለህ" ብዬ ጮኽኩበት፤ እንዲህ መናገሬን በኋላ ሲነግርዎ እንደተቀየሙኝም ሰምቻለሁ።

ቀዶ ሕክምናውን ያደረገልዎ ወጣት ከክፍሉ ወጥቶ ቁጭ ብሎ አስረዳኝ። የትርፍ አንጀቷ አፍ በደረቀ ሰገራ ወይም በእብጠት ሲዘጋ ውስጧ ይቆጣል፣ ይመግላል፤ ሕመሙ መጀመሪያ እምብርት ዙሪያ ይጀምርና በሰዓታት ውስጥ ወደ ቀኝ ታችኛው ሆድ ይወርዳል፤ የምግብ ፍላጎት ይጠፋል፣ ያስመልሳል። በሽማግሌ ሰው ላይ ግን ሕመሙ ይደበዝዛል፣ ትኩሳቱም ላይጎላ ይችላል፤ ስለዚህ ብዙዎቹ የሚመጡት ከፈነዳ በኋላ ነው። "ተሻለኝ" ያሉበት ሰዓት፣ እንደ እሱ አነጋገር፣ የፈነዳችበት ሰዓት ነው፤ ግፊቱ ሲለቅ ለጊዜው ፋታ ይሰጥና መግሉ በሆድ ዕቃ ውስጥ ሲሠራጭ ከፊተኛው የባሰው ይመጣል። ከጎንዎ በቱቦ ሲወርድ የነበረው ያ መግል ነው። "በመጀመሪያው ቀን ቢመጡ ኖሮ ትንሽ ቀዳዳ ነበረች፤ በሁለት ቀንም ወደ ቤታቸው ይመለሱ ነበር" አለኝ። ይህ ልጅ የጤና መኮንን ሆኖ ሲሠራ ቆይቶ ለ3 ዓመት ድንገተኛ ቀዶ ሕክምናና ማዋለድ የተማረ ነው፤ ሥልጠናው ከ2002 ዓ.ም. ገደማ ወዲህ የተጀመረው የቀዶ ሐኪም በሌለበት ገጠር ሰው በምጥና በሆድ ዕቃ ሕመም እንዳያልቅ ነው። እኔ በታመምኩበት በ1993 ዓ.ም. እንዲህ ያለ ሰው በመንዝ አልነበረም። ያኔ በመንገዱ እናመካኝ ነበር። አሁን ሆስፒታሉ የሁለት ሰዓት መንገድ ላይ ነው፤ ሦስቱን ቀን የበላው አጨዳውና የእርስዎ ዝምታ ነው።

ልጆቹ በጣም ናፍቀውዎታል። ትንሿ ሁለት ጥርሶቿ ወልቀዋል። ትልቁ፣ ከምሳ በኋላ ሲሮጥ "ትርፍ አንጀት ይይዝሃል" እያሉ የሚቆጡት፣ መሮጥ ትርፍ አንጀት እንደማያመጣ አንብቦ ደርሶበት በጣም ተደስቷል። በዚያው ንባቡ በ1961 እ.ኤ.አ. በአንታርክቲካ በረዶ መካከል ብቸኛ ሐኪም የነበረ ሮጎዞቭ የሚባል ሶቪየታዊ፣ ጓደኞቹ መስተዋት ይዘውለት የራሱን ትርፍ አንጀት ራሱ ቀድዶ እንዳወጣ አገኘ። "አያቴም ብቻቸውን ሊያወጡት ነበር እንዴ?" ብሎ ጠየቀኝ። ሳቅሁ፤ ከዚያ ወደ ማድቤት ገብቼ ቆየሁ።

አባቴ፣ ስለ ልጆቹ የማወራው የምፈልገውን ላለመጻፍ ነው። በ1993 ዓ.ም. የ8ኛ ክፍል ፈተና ሊደርስ ሲል እኔ አራት ቀን ተኛሁ። ፌጦው ተሰጠኝ፣ ጠበሉ ተረጨብኝ፣ ወጌሻዋ መጥታ ሆዴን አሸችው፤ እጇን ስታነሣ ከተጫነችኝ ይልቅ ያመመኝን ዛሬም አስታውሰዋለሁ። ነገር ግን አራቱን ቀን ያስቆጠረው ይህ አልነበረም። ሲያስመልሰኝ ያረገዝኩ መስሏችሁ ነበር። እናቴ፣ ነፍሷን ይማረውና፣ ሌሊት ጠጋ ብላ የወር አበባዬን በሹክሹክታ ስትጠይቀኝ ገባኝ። እርስዎ በርኖስዎን ደርበው በራፉ ላይ ይቆሙና ጀርባዎን ሰጥተውኝ "ምን አለች?" ይሏታል። እኔን አንድ ቀን አልጠየቁኝም። በአራተኛው ቀን ሰውነቴ ሲነድ ነው ቃሬዛው የታሰረው፤ ደብረ ብርሃን እስክንደርስም አይሱዙው በነጠረ ቁጥር መጮህ ስላፈርኩ ነጠላዬን ነከስኩ።

ሐኪሙ ያወጣትን በሳህን ይዞ መጥቶ "ይህች ናት" ብሎ እንዳሳየዎ ወንድሜ ነግሮኛል። እርስዎም "ይህች ብቻ?" ብለው ወደ ውጭ ወጡ። በሳምንቱ በሬዎ ቦራ ተሸጠ። ማንም ሽጡት አላለዎትም፤ ዕዳው በዕቁብ ይከፈል ነበር። ያን ክረምት በአንድ በሬ በመቀናጆ አረሱ፤ እኔም በየጭቃው ከሰው በሬ ኋላ ሲሄዱ እያየሁ፣ ቦራን ይቅርታ ብዬ ልቁጠረው ወይስ ዋጋዬን ልቁጠረው ሳላውቅ አደግሁ። አሁንም አላውቅም። ቁጣዬ ከዚያ የመጣ እንጂ እርስዎን ለመዳፈር አልነበረም፤ በዚያች ሌሊት ሳንነጋገር እንለያያለን የሚል ፍርሃት አንቆኝ ነበር።

ደግነትዎን አልረሳሁም። ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት፤ በሚቀጥለው ዓመት ለፈተናው የመለሱኝም እርስዎ ነዎት። የምለምንዎ አንድ ነገር ነው። ስመጣ፣ ልጆቹ ውጭ ሲጫወቱ፣ ያኔ ያልጠየቁኝን ይጠይቁኝ፤ "የት ጋ ነበር ያመመሽ?" ይበሉኝ። ሌላ ነገር አያስፈልገኝም፤ ቦታውን አሳይዎታለሁ፤ የእርስዎም ጠባሳ ከዚያው አጠገብ ነው።

መንገዱ ሰላም ከሆነ ከቅዳሜ በኋላ ባለው ቅዳሜ በመጀመሪያው መኪና እነሣለሁ። የጤና መድን ደብተሩ የዘንድሮ መዋጮ መከፈሉን ወንድሜ ቀበሌ ሄዶ ይጠይቅ። ለአጥሚት የሚሆን እህል አስፈጭቼ ይዤ እመጣለሁ፤ የልብስ ሳሙናና የስልክዎንም ቻርጀር እንዲሁ። ዓርብ ስፌቱ ሲፈታ ካመመዎ ለሚፈታልዎ ልጅ ይንገሩት፤ ዝም አይበሉት።

ልጅዎ