ከፊል ቢትስትሪም ስትጭኑ ቦርዱ ስታክ የሚያደርግበት ምክንያት

ሰላም ለሁላችሁ፣

ይህ መልእክት በዚንክ 7020 (ፕሮሰሰርንና ኤፍፒጂኤን፣ ማለትም በፋይል እንደገና የሚቀናበር ሰርኪዩትን፣ አንድ ላይ የያዘ ቺፕ) ላይ ሌላው ሥራ ሳይቋረጥ የኤፍፒጂኤውን አንድ ክፍል ብቻ ለምትቀይሩ አባላት ነው።

በብዛት የሚያጋጥመው ይህ ነው፦ አዲሱ ከፊል ቢትስትሪም (ያንን ክፍል ብቻ የሚያቀናብረው ፋይል) እየተጫነ ሳለ ፕሮሰሰሩ ከሚቀየረው ክፍል ሬጅስተር (ትንሽ የመረጃ መያዣ) ሊያነብ ይሞክራል። መልስ የሚሰጥ የለም። ፕሮሰሰሩንና ኤፍፒጂኤውን የሚያገናኘው የኤኤክስአይ መስመር ዝም ብሎ ይጠብቃል፣ ሊኑክስም አብሮ ስታክ ያደርጋል። ብዙ ሰው ፋይሉ የተበላሸ ይመስለዋል፤ ፋይሉ ግን ደህና ነው። በቋሚውና በሚቀየረው ክፍል መካከል ዲካፕለር (በጭነት ጊዜ ሁለቱን የሚለያይ ማገጃ) አስገቡ። ከዚያ ድራይቨሩን አቁሙ፣ ዲካፕለሩን ዝጉ፣ ጫኑ፣ ሪሴት አድርጉ፣ መጨረሻ ላይ ክፈቱ። ሪሴቱን ከዘለላችሁ ፍሊፕፍሎፖቹ (እያንዳንዳቸው አንድ ቢት የሚይዙት) በምን ዋጋ እንደሚነሱ እርግጠኛ መሆን አይቻልም።

ከጭነት በኋላ ራሱ ሪሴት እንዲያደርግ ከፈለጋችሁ፣ በቪቫዶ (ንድፉ በሚሠራበት ሶፍትዌር) ለሚቀየረው ክፍል የምትከልሉት ቦታ ቁመቱ ሙሉ የክሎክ ሪጅን (ቺፑ ለክሎክ ሥርጭት የተከፈለበት አንድ ክልል)፣ ማለትም 50 ሲኤልቢ (የኤፍፒጂኤው መሠረታዊ የሎጂክ ብሎክ)፣ መሆን አለበት። ክሎክ የሚያመነጨው ፒኤልኤልና የሚያሰራጨው የክሎክ በፈር በቋሚው ክፍል ይቅሩ።

ስለ ፍጥነቱ፦ ሙሉው ፋይል 4 ሜጋባይት ገደማ ነው። በፒካፕ (ፕሮሰሰሩ ቢትስትሪሙን ወደ ኤፍፒጂኤው በሚጭንበት መስመር) በሰከንድ 145 ሜጋባይት ያህል ስለሚያልፍ ወደ 28 ሚሊሰከንድ ይፈጃል፤ የፋይሉ ሩብ ከሆነ 7።

ቋሚውን ክፍል በትንሹም ቢሆን ነክታችሁ እንደገና ከሠራችሁ የድሮዎቹን ከፊል ፋይሎች ጣሏቸው። ብትጭኗቸው የስህተት መልእክት ላይመጣ ይችላል፤ ሽቦዎቹ ግን ያለቦታቸው ይገናኛሉ። ከመጫናችሁ በፊት በቪቫዶ ፒአር ቬሪፋይን (ስሪቶቹ ከአንድ ቋሚ ክፍል ጋር እንደሚስማሙ የሚያመሳክረውን ትዕዛዝ) አስኬዱ።