እስከ ዓርብ ድምፅህን ላክልኝ

ስንታየሁ፣

«ለጤናህ እንደምን ከርመሃል፣ እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ» ብዬ ልጀምር አልኩና አፈርኩ። አራት ዓመት ድምፁን አጥፍቶ የከረመ ሰው እንዲህ ሲል አያምርበትም። ልንገርህና ይውጣልኝ። የእትዬን ማረፍ የሰማሁት ከሦስት ወር በኋላ ነው። ያኔውኑ መደወል ነበረብኝ። ዛሬ ነገ ስል ሙት ዓመታቸው ደረሰ፤ ከዚያ ወዲያ በምን ፊቴ? ነፍሳቸውን ይማር። አጥፍቻለሁ። ስንገናኝ በጥፊ ልትለኝ ትችላለህ። አሁን ግን ቸግሮኛልና ስማኝ።

ልጄ ፊልም እየሠራ ነው። ያ አዲስ አበባ ስንመጣ ጭንህ ላይ የሸናብህ ልጅ 16 ሞላው፤ ቁመቱ እኔን በአንድ ጭንቅላት ይበልጠኛል። በትምህርት ቤት አጭር ፊልም ሥሩ ሲባሉ ምን እንደመረጠ ገምት እስቲ። ያንን! ጋሼ ቪዲዮ ቤት «የጦርነት ፊልም ነው» ብለው ሃምሳ ሃምሳ ሳንቲማችንን የበሉበትን፣ የሕያዋን ሙታን ሌሊት። ጥቁርና ነጭ መሆኑን ስናይ «ገንዘባችን ይመለስ!» ብሎ ሰዉን ያስነሳው አንተ አልነበርክም? ከዚያ ያ ባለ ሱፉ ሰውዬ በመቃብሩ መሀል እየተንገዳገደ ሲመጣ ጭጭ አልክ። እንግሊዝኛው ለማናችንም አልገባንም ነበር። ፊልሙ ውስጥ ሬዲዮው ማውራት ሲጀምር ግን ተነሥተህ፣ አፍንጫህን ይዘህ፣ በዜና አንባቢ ድምፅ «ሙታን ከየመቃብራቸው በመነሣት ላይ መሆናቸውን የዜና ምንጫችን ገለጸ» ስትል ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እትዬ ማማሰያ ይዘው የደረሱት ያኔ ነው። ቤት ወስደው ጠበል ረጩን። እኔ እስከ ዛሬ የሚገርመኝ ማማሰያው ላይ ሽሮ ነበረበት።

ታዲያ ያ ፊልም አሁን እኔ የምኖርበት ከተማ ልጅ ነው። ዳይሬክተሩ ጆርጅ ሮሜሮ በፈረንጆቹ 1967 እዚሁ ፒትስበርግ ማስታወቂያ ይሠራ የነበረ የ27 ዓመት ጎረምሳ ነበር። ከጓደኞቹ ጋር ገንዘብ አዋጥተው ወደ 114,000 ዶላር ገደማ ጨረሱበት። ለፊልም ይኼ የኪስ ገንዘብ ነው። የቀረጹበት ቤት ሊፈርስ የተቃረበ የገጠር ቤት ስለነበር እንዳሻቸው ሰበሩት። ሙታኑ የሚግጡት ሥጋ ከሉካንዳ የመጣ ነው። ደሙ ደግሞ የቸኮሌት ሽሮፕ። ጥቁርና ነጭ ስለሆነ ማን ያውቃል? የኔው ጉድም ይህንን አንብቦ አንድ ጠርሙስ ሙሉ ምንጣፌ ላይ ደፋው። ባለቤቴ ሁለታችንንም ካኮረፈች ሰነበተች።

መቃብሩንም ሄደን አየነው። ኤቫንስ ሲቲ ይባላል፤ ከዚህ በመኪና አንድ ሰዓት አይሞላም። ምንም የለውም፤ ሣርና ድንጋይ ነው። ግን እመነኝ፣ ሁለት ጊዜ ዞሬ ወደ ኋላዬ አይቻለሁ።

አንድ የሚገርምህ ነገር። ፊልሙ ውስጥ «ዞምቢ» የሚል ቃል አንዴም አይሰማም። ከዚያ በፊት በፊልም የነበረው ዞምቢ የሄይቲው፣ በጠንቋይ የታዘዘውን የሚሠራ ምስኪን ነበር፤ ሰው አይበላም። ቀስ እያለ በመንጋ የሚመጣው፣ ሥጋ የሚበላው፣ ጭንቅላቱን ካልተመታ የማይወድቀው፣ ይኼ ሁሉ የተለመደው ከዚህ ፊልም ወዲህ ነው። ልጆች ቀን ከሌት የሚጫወቱት ጌም፣ ኮሪያዎቹ ባቡር ውስጥ የሠሩት ፊልም ሁሉ የዚህ የልጅ ልጅ ነው። ሮሜሮ ራሱ በ1978 ቀጣዩን የሠራው እኔ ለልጆቹ ጫማ የገዛሁበት ሞል ውስጥ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት እዚያ የሚንቀረፈፈውን ሰው ብታይ ሐሳቡ ከየት እንደመጣለት አትጠይቅም።

በመጀመሪያው ፊልም ግን ብዙ አልበላም። አከፋፋዩ የፊልሙን ስም ሲለውጥ ከአዲሱ ርዕስ ላይ የባለመብትነቱን ጽሑፍ ሳያስገባ ቀረ። በጊዜው በነበረው ሕግ በዚያች ስህተት ፊልሙ የማንም ሆነ። ያሻው ሁሉ አባዝቶ ሸጠው። ጋሼ ጋ የደረሰውም በዚሁ ሳይሆን አይቀርም። ልጄም ቆርጦ ቢቀጥለው የሚከሰው የለም።

ይኼን ሁሉ የምዘበዝበው ወደ ዋናው ነገር ላለመግባት ነው፤ ታውቀኛለህ።

መጨረሻውን ታስታውሰዋለህ። ጥቁሩ ሰውዬ፣ ቤን፣ ሌሊቱን ሙሉ ሲታገል አድሮ ከዚያ ቤት ብቻውን ይተርፋል። ሲነጋ የተኩስ ድምፅ ሰምቶ ከምድር ቤት ይወጣል። ጠመንጃውን እንደያዘ በመስኮት ያያል። ሊያድኑ የመጡት ታጣቂ ነጮች ግንባሩን ይሉታል። ሸሪፉ ተኳሹን ያመሰግነዋል። ከዚያ በመንጠቆ ጎትተው ከሙታኑ ጋር ያቃጥሉታል። አንተ «ምን ዓይነት ጅል ነው፣ ለምን አልጮኸም?» አልክ። እኔም ሳቅኩ።

ልጄም እንዳንተው ጠየቀኝ። «አባዬ፣ ለምን አልተጣራም?» አለኝ። እሱ ግን አልሳቀም። ፊልሙ አልቆ፣ ሮሜሮ ቅጂውን መኪናው ላይ ጭኖ ወደ ኒው ዮርክ ሲነዳ ማርቲን ሉተር ኪንግ መገደሉን በሬዲዮ እንደሰማ የነገረኝ እሱ ነው። ሚያዝያ መጀመሪያ፣ 1968። ልጄ መጀመሪያ በራሱ ፊልም መጨረሻውን ቀይሮ ቤንን ሊያድነው ነበር። ኋላ ዱዌይን ጆንስ፣ ማለት ቤንን የሠራው ሰውዬ፣ ራሱ በውሸት ከምድን ልሙት ብሎ እንደተከራከረ አነበበና ተወው።

አሁን ቤንን የሚሠራው ራሱ ልጄ ነው። የመጨረሻዋን ትዕይንት ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ እኛው ሳሎን መስኮት ላይ ሊቀርጽ አስቧል። የፕላስቲክ ጠመንጃ በኢንተርኔት አዝዟል። ገባህ አይደል? ገና ባልነጋ፣ በዚህ ሰፈር፣ ያንን የሚያህል ጥቁር ልጅ ጠመንጃ ይዞ መስኮት ላይ። አንድ ሰው ፖሊስ ቢጠራስ? «በመጥረጊያ እንጨት ሥራው» አልኩት፤ ሳቀብኝ። «ፊልም እኮ ነው» አለኝ። አስረዳሁት። ዝም ብሎ ሲሰማኝ ቆየና «አውቃለሁ፣ ለዚህ እኮ ነው የምሠራው» አለኝ። ምን ይባላል? ሦስት ሌሊት አልተኛሁም። ለእናቱም አልነገርኳትም።

ትናንት ግራና ቀኝ ያሉትን ቤቶች እያንኳኳሁ ነገርኳቸው። እንደ ሠርግ ጠሪ። በስተግራ ያሉት ሽማግሌ ደስ ብሏቸው አክስታቸው ከዞምቢዎቹ አንዷ እንደነበረች ነገሩኝ። እዚህ ከተማ የሁሉም ሰው አክስት ዞምቢ ነበረች። ቅዳሜ ደግሞ የሥራ ቦታዬን ቢጫ ሰደርያ ለብሼ በር ላይ ልቆም ነው። ሳቅ፣ ግዴለም።

አሁን ያንተ ነገር። ልጁ ቤቱ ውስጥ ያሉት ሐበሾች ናቸው ብሎ ሬዲዮው አማርኛ እንዲናገር ይፈልጋል። እኔ ሞከርኩለት፣ «አባዬ፣ የምትለምን ትመስላለህ» አለኝ። ስላንተና ስለ ጋሼ ቪዲዮ ቤት ነገርኩት። ካንተ ሌላ አልሰማም ብሏል። በቴሌግራም አንድ ደቂቃ ብቻ፣ እስከ ዓርብ። «ነዋሪዎች በራቸውን ዘግተው እንዲቆዩ ተጠየቀ» የምትለዋ እንዳትቀር። ከፈለግህ መጀመሪያ ስደበኝ፣ እሱን ቆርጦ ያወጣዋል።

ቁጥሬ ያው የድሮው ነው። አፍንጫህን መያዝ እንዳትረሳ።