«ዛሬ ማታ ምን አለ?» ለድሬዳዋ አስተዳደር የባህልና ቱሪዝም ቢሮ ኃላፊ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

የተከበሩ ኃላፊ፣

ድሬ ላይ አንቱታ ብዙም አንወድም። ሽማግሌውንም ሹሙንም «አንተ» ብንል ቅርበት እንጂ ንቀት አይደለም። ይህ ግን ደብዳቤ ስለሆነ «እርስዎ» እያልኩ እቀጥላለሁ። መሀል ላይ ካመለጠኝ ይቅር ይበሉኝ።

የባጃጅ ሹፌር ነኝ። ከለገሃር ሳቢያን፣ ከመጋላ ገንደ ቆሬ ስል እውላለሁ፤ አመሻለሁም። በዚህ ሥራ በብዛት የምጠየቀው «ሒሳብ ስንት ነው?» እንዳይመስልዎት። «ዛሬ ማታ ምን አለ?» ነው። ከአየር ማረፊያ የወጣው ይጠይቀኛል። ከከተማ ወጣ ብሎ ካለው ከአዲሱ ባቡር ጣቢያ የጫንኩት ይጠይቀኛል። የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ዓርብ ማታ ይጠይቀኛል። ሙዚቃ የት አለ? ኮሜዲ ነገር የለም ወይ? ማን ነው የሚመጣው? መልሴ ሁሌም አንድ ነው። «ወላሂ አላውቅም።» የከተማውን ጉድጓድ ሁሉ በስም የማውቅ ሰው፣ ማታ የት እንደሚዘፈን አላውቅም።

ዝግጅት ጠፍቶ አይደለም። ማክሰኞ ሞንታርቦ የጫነ መኪና እየጮኸ ያልፋል። ከጩኸቱ ውስጥ ለጆሮዬ የሚደርሰው «...ዳሜ! ...ዳሜ!» ብቻ ነው። ቅዳሜ መሆኑን እገምታለሁ። ሐሙስ ፖስተር ይለጠፋል። ዓርብ ሌላ ፖስተር ይደረብበታል። ቲክቶክ ላይ የደረሰው ይደርሰዋል። እኔ ወሬውን የምሰማው ቅዳሜ ሌሊት፣ ከአዳራሽ ወጥተው ባጃጄ ውስጥ ከሚገቡት ነው። «አቦ፣ አመለጠህ!» ይሉኛል።

የምጠይቅዎት አንድ ነገር ነው። ወር ከመግባቱ በፊት፣ በዚያ ወር በከተማው የሚቀርቡትን የሙዚቃና የኮሜዲ ዝግጅቶች የያዘ አንድ ገጽ ወረቀት ያውጡልን። አዳራሽ ይሠራልን አላልኩም። ለኮንሰርት ፈቃድ ይጠየቃል፣ ጥበቃ ይመደባል። ስለዚህ ማን፣ መቼ፣ የት የሚለው አስቀድሞ በመንግሥት እጅ የሚገባ ነገር ነው። የቀረው ከመዝገብ አውጥቶ ግድግዳ ላይ መለጠፍ ነው።

ዛሬ መጻፌ ያለ ምክንያት አይደለም። ኅዳር ገብቷል። ድሬ የምትደምቀው ከአሁን በኋላ ነው። ሰኔ ላይ በዚያ ሙቀት አዳራሽ ውስጥ ሁለት ሰዓት መቀመጥ ቅጣት ነው፤ ታኅሣሥ ማታ ግን ደጅ መዋል ማምሸት ያምራል። አንዳንዶቻችን ሹራብም እናወጣለን። የአዲስ አበባ ሰዎች በዚህ ይስቁብናል፤ ይሳቁ። ታኅሣሥ 19 ቁልቢ ገብርኤል ነው። ከየአገሩ የሚመጣው እንግዳ ብዙው በእኛ በኩል ያልፋል፤ ሆቴል ይሞላል። በ10ኛው ቀን ገና ነው። ጥር 11 ጥምቀት። ከዚያ ጥርን ሙሉ ሰርግ።

ይህን ተራ እኛ ሹፌሮች በደንብ እናውቀዋለን፤ ገበያችን ነውና። አንዳንድ አዘጋጆች ግን የሚያዩት አይመስለኝም። እንግዳ ሞላ ብለው በቁልቢ ሰሞን ቢራ የሚፈስበት ኮንሰርት ይደግሳሉ። የነቢያት ጾም እኮ ኅዳር 15 ይገባና እስከ ገና ዋዜማ ይዘልቃል። የቁልቢ እንግዳ ስለት ይዞ የመጣ ጾመኛ ነው። ባጃጄ ውስጥ የሚጠይቀኝ ዳንስ ቤት ሳይሆን የጾም ምግብ ቤት ነው። እሱን ማታ ለሁለት ሰዓት ሊያስቀምጠው የሚችል፣ ያለ መጠጥ የሚታይ የኮሜዲ ምሽት ቢኖር ግን ይመጣ ነበር። ይህን ያሰበ ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም።

ሙዚቃው የሚሞቀው ከገና በኋላ ነው። ያኔ ደግሞ ከሰርግ ጋር መጋፋት አለ። ኪቦርድ ተጫዋቹ ሰርግ ላይ ነው። ሳውንድ ሲስተሙ ሰርግ ላይ ነው። ጀነሬተሩም፣ አዳራሹም፣ እኔም ሰርግ ላይ ነን። በዚህ መሀል ሁለት ትልልቅ ኮንሰርቶች አንድ ቅዳሜ ላይ ይወድቁና ሁለቱም በግማሽ ሰው ይውላሉ፤ ቀጣዩ ቅዳሜ ባዶ ይሆናል። ረመዳን ደግሞ በየዓመቱ 11 ቀን ያህል እየቀደመ ይመጣል። ሙስሊምና ክርስቲያን ግድግዳ ተጋርቶ በሚኖርበት ከተማ የሁለቱንም ጾም ያላየ አዘጋጅ ወንበሩን ይዞ ይቀራል። ቀኖቹ አንድ ወረቀት ላይ ተደርድረው ቢታዩ ማንም ሳያዝዘው ራሱ ያስተካክለው ነበር።

ወረቀቱ ላይ ሰዓት በደንብ ይጻፍ። ይህን የምለው በምክንያት ነው። አንድ ጊዜ ከውጭ አገር ለእረፍት የመጣ ቤተሰብ ከከዚራ ጫንኩ። አባት፣ እናት፣ ሦስት ልጆች፤ ተሸቀርቅረው። የልጆች የኮሜዲ ዝግጅት ሊያዩ ነው። ፖስተሩ «8:00» ይላል። ሌላ ምንም አይልም። እነሱ በለመዱት ሰዓት ማታ ነው ብለው ነው የወጡት፤ በእኛ 2 ሰዓት ላይ። ስንደርስ ጽዳት ሠራተኛዋ ወንበር እየደረደረች ነው። ዝግጅቱ ከሰዓት በ8 ተጀምሮ ካለቀ ቆይቷል። ትንሿ ልጅ እስከ ከዚራ ድረስ አለቀሰች። ሒሳብ መቀበል አቃተኝ። «ከሰዓት» የምትል አንዲት ቃል ብትጨመር እኮ የሚያልቅ ነገር ነበር።

የሚያሳዝነው ይህ የሚሆነው ድሬ ላይ መሆኑ ነው። ድሬ የባቡር ልጅ ናት። በ1895 ዓ.ም. ሐዲዱ እዚህ ደረሰና ከተማዋ ተቆረቆረች። ባቡር ደግሞ ሰዓት አለው፤ የሚነሳበትም የሚደርስበትም ይለጠፋል። ቢዘገይ እንኳ ስንት እንደዘገየ ታውቃለህ። (ይኸው «አንተ» አልኩዎት።)

አሁን የራሴን ልንገርዎት። ባለፈው ዓመት ለባለቤቴ ቃል ገባሁላትና ለአንድ የኮሜዲ ምሽት ሁለት ትኬት ቆረጥኩ። 1,000 ብር በቴሌብር። ፖስተሩ «ከምሽቱ 1 ሰዓት» ይላል። ልጆቹን ጎረቤት አስቀምጠን 12 ተኩል ላይ ደረስን። 2 ሰዓት ሆነ፤ አንድ ልጅ ማይክ ይዞ «ሄሎ፣ ሄሎ፣ ዋን፣ ቱ» ይላል። 3 ሰዓት ሆነ፤ ያው «ዋን ቱ» ነው። ሦስት ላይ እንኳ አልደረሰም። 4 ሰዓት ላይ ኮሜዲያኑ አውሮፕላን አምልጦታል ተባለ። ዲጄ ዘፈን ከፈተ። 5 ሰዓት ሲቃረብ ዝግጅቱ ተሰረዘ። ገንዘባችንስ ስንል «ለሚቀጥለው ይታሰብላችኋል» አሉን። የሚቀጥለው የሚባለው እስካሁን አልመጣም። ባለቤቴ መውጫው ላይ ዞር ብላ «ቀልዱ ይኼ ነበር እንዴ?» አለች። የዚያን ምሽት የተሳቀው በእሷ ቀልድ ብቻ ነው።

ሙዚቃ ቢዘገይ ዲጄ ይሸፍነዋል፤ ሰው ቆሞ ይጨፍራል። ቀልድ ግን እንደዚያ አይሆንም። ሦስት ሰዓት የጠበቀ ሰው ፊቱ ተቋጥሯል፤ ማንም አይፈታውም። ቀልድ መሰማትም አለበት። የእኛ አዳራሽ ያለ ቬንትሌተር አይቻልም፤ ቬንትሌተሩ ደግሞ ያጓራል። ስፒከሩ ለዘፈን ተብሎ ቤዙ ተለቆ ነው የሚመጣው። ከኋላ የተቀመጠው ፊተኞቹ ሲስቁ አይቶ ነው የሚስቀው። ለቀልድ የሚሆን አዳራሽ የትኛው እንደሆነ አዘጋጆቹን ሰብስቦ ማነጋገር ለቢሮዎ ከባድ አይመስለኝም።

ደግሞ ሌላ ነገር። ከአዲስ አበባ የሚመጡት ቀልደኞች እንግዶቻችን ናቸው፤ ይምጡ። እኔ በበዓል የቴሌቪዥን ፕሮግራም ደረጀ ኃይሌንና ሀብቴ ምትኩን እያየሁ ያደግሁ ነኝ፤ ለሙያው ክብር አለኝ። ግን መድረክ ላይ ወጥቶ «አቦ፣ አቦ» ቢለን ስንት ጊዜ እንስቃለን? ይህንማ ቤታችን በነፃ አለ። እኛ ጋ በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ አማርኛ፣ ኦሮምኛና ሶማልኛ ቀላቅለው በሳቅ የሚያፈርሱን ልጆች አሉ። ቀልዳቸው ወደ ሌላ ከተማ ቢወሰድ በትርጉም ይሞታል። እዚሁ ነው የሚኖረው። እነዚህ ልጆች ወደ መድረክ የሚጠሩት ቅዳሜ ጠዋት ነው። «ማታ አሥር ደቂቃ ያዙልን» ይባላሉ። ፖስተሩ ላይ ስማቸው የለም። አንዱን ከትርዒቱ በኋላ ቤቱ አድርሼው የባጃጅ ሒሳብ አልነበረውም። በወረቀቱ ላይ የዋናው ሰው ስም ብቻ ሳይሆን የመክፈቻዎቹም ስም ይጻፍ። ስሙ ከወር በፊት የተጻፈ ልጅ ይለማመዳል፤ ዋጋም ይጠይቃል።

ዘፋኙ አሊ ቢራም ከእኛው ሰፈር የተነሳ ልጅ ነበር። ሙሉ ስሙ አሊ መሐመድ ሙሳ ነው፤ «ቢራ» ከመጀመሪያው ዘፈኑ የተረፈው ነው። እዚሁ ድሬ የተመሠረተውን አፍራን ቀሎ የተባለ የኦሮምኛ ሙዚቃ ቡድን የተቀላቀለው ገና ልጅ ሳለ ነው። በኦሮምኛ መድረክ ላይ መዝፈን ቀላል ባልነበረበት በዚያ ዘመን የልጆቹ መድረክ የሰርግ ቤት ነበር። ሰርግ ደግሞ ቀኑ ይታወቃል፤ ሰፈሩ ቀድሞ ይሰማል፤ ሰው ይመጣል። አሊ ጥቅምት 27 ቀን 2015 ዓ.ም. አረፈና እዚሁ ድሬ ቀበርነው። የቀብሩ ቀን ባጃጄን አቁሜ በእግሬ ነው የሄድኩት። ዛሬ ገንደ ቆሬ ጊታር የያዘ ልጅ ባየሁ ቁጥር፣ የሱ ቀን መቼ እንደሆነ ማን ይነግረናል እላለሁ።

የእኔም ጥቅም አለበት፤ አልዋሽም። ኮንሰርት ሌሊት 7 ሰዓት ላይ ሲያልቅ አንድ ሺህ ሰው በሩ ላይ ይቆማል፤ ባጃጅ ግን አሥር አይሞላም። ያኔ ዋጋ እጥፍ ይሆናል። እኔም እጥፍ አስከፍያለሁ። ሴት ልጆች በጨለማ በእግራቸው ሲሄዱም አይቻለሁ። መቼ እንደሚያልቅ ቀድመን ብናውቅ ግን ሃምሳ ባጃጅ ተሰልፎ ይጠብቃል፤ ያኔ እጥፍ የሚል ቢኖር ተሳፋሪው ቀጣዩን ይይዛል።

ወረቀቱ በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በሶማልኛ ቢሆን። ቀኑ፣ ቦታው፣ የሚጀምርበትና የሚያልቅበት ሰዓት፣ ዋጋው፣ ቢሰረዝ ገንዘብ የሚመለስበት መንገድ፣ የአዘጋጁ ስልክ። ይኸው ነው። ለገሃር በር ላይ፣ ቀፊራ ገበያ መግቢያ፣ ዩኒቨርሲቲው በር፣ አየር ማረፊያና አዲሱ ባቡር ጣቢያ ቢለጠፍ ከተማው ተዳረሰ። ቴሌግራም ላይ ቢወጣማ እሰየው።

ለባጃጆቹ ለብቻ መቶ ቅጂ ይስጡኝ። ማጣበቂያውን እኛ እንገዛለን። ከሹፌሩ ወንበር ጀርባ፣ ተሳፋሪው ዓይን ሥር እንለጥፈዋለን። የታኅሣሡን ወረቀት ያዘጋጁና ይላኩልኝ፤ ጠዋት ከ1 ሰዓት ጀምሮ ለገሃር ፊት ለፊት፣ ዛፉ ሥር ነኝ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የድሬ ባጃጅ ሹፌር