የኬሚስትሪ ክበብ የዓመቱ ዘገባ፦ ሸብ፣ ሰማያዊ ክሪስታልና አልጠጥር ያለው እንዶድ

ክበቡ ዘንድሮ ሁለት ሥራ ጎን ለጎን ይዞ ከረመ፦ ክሪስታል ማሳደግና ከእንዶድ ፍሬ ሳፖኒን፣ ማለትም እንደ ሳሙና አረፋ የሚያወጣ የተክል ውህድ፣ ማውጣት። የሁለቱ መገናኛ ይህ ነው፤ የአንድን ውህድ የሞለኪውል አሠራር በኤክስሬይ ለማንበብ አስቀድሞ ጥሩ ክሪስታል ያስፈልጋል፣ ከተክል የወጣ ነገር ግን በቀላሉ ክሪስታል አይሆንም።

መጀመሪያ በሸብ ተሞከረ። 20 ግራም ሸብ በ100 ሚሊ ሊትር ሙቅ ዲስቲልድ ውሃ ሟሙቶ፣ ተጣርቶ ካደረ ከሥሩ ባለ ስምንት ገጽ ትንንሽ ክሪስታሎች ይገኛሉ። ከእነሱ ጥርት ያለው አንዱ ለዘር ይመረጥና በናይለን ክር ይታሰራል። የጥጥ ክር ፀጉራም ስለሆነ በየፀጉሩ ላይ ሌላ ክሪስታል ይበቅልበታል። ዘሩ የሚንጠለጠለው በክፍሉ ሙቀት ልክ በጠገበ፣ ማለትም ተጨማሪ ሸብ ማሟሟት በማይችል ሙሙት ውስጥ ነው። ሙሙቱ ሳይቀዘቅዝ የቸኮሉ ቡድኖች በማግስቱ ባዶ ክር ነው ያገኙት፤ ሞቃቱ ውሃ ገና አልጠገበምና ዘሩን አሟሟው።

ከዚህ የባሰው ጠላት የቆርቆሮ ጣሪያው ነው። ቀን ክፍሉ ሲግል የክሪስታሉ ጠርዝ ይሟሟል፣ ሌሊት ሲቀዘቅዝ በጥድፊያ መልሶ ያድጋል፤ ጠርዙ ዱልዱም፣ ውስጡም ድፍርስ ይሆናል። ቢከሩ (ሙሙቱ ያለበት ብርጭቆ) አፉ በማጣሪያ ወረቀት ተሸፍኖ፣ በጋቢ ተጠቅልሎ ካርቶን ውስጥ ሲገባ ነው ነገሩ የተስተካከለው። (ጋቢውን ላዋሱን የጥበቃ አባት ምስጋና ይድረሳቸው።)

ሰማያዊው ኮፐር ሰልፌትም በዚሁ መንገድ አደገ። በ20 ዲግሪ 100 ሚሊ ሊትር ውሃ 32 ግራም ያህል ይይዛል፤ ክሪስታሉም እንደ ሸብ የተመጣጠነ ሳይሆን በየአቅጣጫው ያዘመመ ነው። እ.ኤ.አ. በ1912 በሙኒክ የፊዚክስ ሊቁ የማክስ ፎን ላወ ባልደረቦች ኤክስሬይ ያሳለፉበት የመጀመሪያው ክሪስታል ይኸው ሰማያዊው ነበር። መርዛማ ስለሆነ ያለ ጓንት አይነካም፣ ሙሙቱም ቧንቧ ውስጥ አይደፋም።

እንዶድ የተመረጠው ያለ ምክንያት አይደለም። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ ቢልሃርዝያን ሲያጠኑ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች በሽታውን የሚያስተላልፉት ቀንድ አውጣዎች ሞተው አይተው ነው የእንዶድን ምርምር የጀመሩት። የደረቀው ፍሬ ሲወቀጥ ብናኙ አፍንጫ ስለሚቆጣ የአፍና አፍንጫ መሸፈኛ ግዴታ ነው። 10 ግራም ዱቄት በ100 ሚሊ ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ፣ ሌላ 10 ግራም ደግሞ በዚያው መጠን አልኮል ተዘፍዝፎ አደረ። ዱቄቱ ማጣሪያ ወረቀቱን ወዲያው ስለሚደፍነው መጀመሪያ በነጠላ ጨርቅ ማጥለል ያሻል።

ውሃ ተጨምሮ ሲናጥ ሁለቱም አረፋ አወጡ፤ አረፋውም ከ10 ደቂቃ በላይ ቆየ። ተማሪዎቹ እዚህ ላይ «እኩል ናቸው» ብለው ደመደሙ። አይደሉም። የተወቀጠው ፍሬ ቀዝቃዛ ውሃ ሲያገኝ የራሱ ኢንዛይም ከሳፖኒኑ አንዱን የስኳር ሰንሰለት ይቆርጠዋል፤ ቀንድ አውጣ የሚገድለው ይህ የተቆረጠው ነው። አልኮል ኢንዛይሙን ስለሚያከሽፈው ሳፖኒኑ እንዳለ ይወጣል። አረፋ ሳፖኒን መኖሩን እንጂ ኃይሉን አይናገርም።

በፈላ ውሃ እንፋሎት ላይ ማትነኑም የራሱ ጣጣ አለው፤ በውሃ የተዘፈዘፈው ፈሳሽ አረፋ አውጥቶ ገነፈለ። ሰፊ ሳህን ሩቡን ብቻ ሞልቶ በቀስታ ማሞቅ ይሻላል። በመጨረሻ የቀረው ግን ክሪስታል ሳይሆን ቡናማ፣ የሚያጣብቅ ዝቃጭ ነው። ስኳራቸው የተለያየ ብዙ ሳፖኒኖች፣ ከቀለምና ከተራ ስኳር ጋር ተደባልቀው፣ አንዱ የሌላውን መደርደር ያውካል። ለመለያያ የሚሆን ሲሊካ ጄል ተጠይቋል፤ እስኪመጣ ዝቃጩ በጠርሙስ ታሽጎ ከሸቡ ክሪስታል አጠገብ ተቀምጧል።