ማሙሽ ሰባት ዓመት ሞላው

አንቺዬ፣ እንደምን ከረምሽ? እማማስ ደኅና ናቸው?

ሁለት ዓመት ሙሉ ድምፄን አጥፍቼ ቆየሁ። መቼም ኩርፊያሽን አውቀዋለሁ፤ ይሄኔ ከንፈርሽን ጥለሽ ነው የምታነቢው። ይቅር በይኝ። ሌላውን ወሬ ስንገናኝ። ደብረ ብርሃን ያው ናት፣ ጭጋጉም ብርዱም አለ። ዛሬ የጻፍኩልሽ በማሙሽ ጉዳይ ነው።

ቅዳሜ ማታ የኢዮብን ታሪክ ነገርኩት። ያን ሁሉ አጥቶ "እግዚአብሔር ሰጠ፣ እግዚአብሔርም ነሣ" ማለቱን። ዓይኑን አፍጥጦ ሰማኝ። ጠዋት ለቅዳሴ ስንወጣ ሹራቤን ራሴ ልቆልፍ አለ። ጣቶቹ በብርድ ደንዝዘዋል። አንዱን ቁልፍ ያለ ቀዳዳው ከተተው። ፈታና እንደገና ጀመረ። እኔ ረፍዶብኛል። እንዴት ብዬ ልንገርሽ... እጁን መታሁት። አላለቀሰም። እጁን ብብቱ ውስጥ ሸጎጠና "እማ፣ ኢዮብንም እናቱ ታጣድፈው ነበር?" አለኝ።

ቅዳሴውን እንዴት እንደቆምኩ አላውቅም። "ልጆች ሆይ፣ ለወላጆቻችሁ ታዘዙ" የሚለውን ስንቴ ጠቅሼበታለሁ። እዚያው ኤፌሶን 6 ላይ፣ ቁጥር 4 "አታስቆጡአቸው" ይላል። እሱን ዘልዬው ኖሬያለሁ። የሚናገረው ለአባቶች ነው፤ ግን ለማሙሽ አባትም እናትም እኔው ነኝ፣ ታውቂያለሽ።

ቤት ስንገባ ቁጭ ብዬ ይቅርታ ጠየቅኩት። ሹራቡን ፈታሁለትና "በል እንደ ፈለግክ ቆልፍ" አልኩት። ስድስት ቁልፍ ነው። ቡናው ገነፈለ፤ አልተነሳሁም። ሲጨርስ ደረቱን ነፍቶ አሳየኝ።

አሁን ጭንቀቴ ፍልሰታ ነው። ነሐሴ 1 ሊገባ ሳምንት ቀረው። ሰባት ዓመት ሞልቶኛል፣ እጾማለሁ ብሏል። ደስ ብሎኛል፤ ግን ራሴን ፈራሁት። በራበው ቁጥር "ታገሥ!" እያልኩ ጮኼበት ጾሙን ቅጣት ባደርግበትስ?

እማማ ትዝ አሉኝ። የገብስ ቆሎ በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው አጠገባቸው ያቆሙን ነበር። ቋጠሮውን እየዳበስን እናስቀድሳለን። አንድ ቀን "ታገሡ" ሲሉን አልሰማሁም። እሳቸውም እንዳልበሉ እናውቅ ነበር። ቆርበን፣ ውኃ ጠጥተን፣ ያ ቋጠሮ ሲፈታ! የቆሎው ሽታ እስከ አሁን አፍንጫዬ ላይ አለ።

እስቲ ጠይቂልኝ። መጀመሪያ ስንጾም እስከ ስንት ሰዓት ያቆዩን ነበር? አንዳችን ራበኝ ብለን ስናለቅስ ምን ያደርጉ ነበር? ደግሞም... ይሄን ማለት ከብዶኝ ነው እስካሁን የዞርኩት። ይዘሻቸው ብትመጪስ? ከመሐል ሜዳ መንገዱ በክረምት እንዴት እንደሆነ አውቃለሁ። እንደምንም ከተቻለ ግን አልጋዬን ለእሳቸው እለቃለሁ፣ እኛ መሬት እናነጥፋለን፣ እንደ ድሮው። ማሙሽም ሥላሴ አጠገባቸው ይቁም።

ስልኬ አልተቀየረም። ማታ ማታ ደውዪልኝ።