ለልጄ፦ ስለ ኤስተርና ስለ እናቷ

የኔ ቆንጆ፣

ስልክ ላይ የጀመርነውን ወሬ በጽሑፍ ልቀጥለው። የላክሽልኝን «ዘ ቤል ጃር» የተባለውን ልብ ወለድ ጨረስኩት። አንቺ ባለታሪኳን ኤስተርን ይዘሽ አነበብሽው፤ እኔ ግን እናቷ ላይ ቀረሁ።

አሜሪካዊቷ ደራሲ ሲልቪያ ፕላዝ መጽሐፉን በፈረንጆቹ 1963 ለንደን ውስጥ ያሳተመችው በብዕር ስም ነው። ብዙው የራሷ ታሪክ ነው። ከታተመ ወር ሳይሞላው ራሷን አጠፋች። ገና 30 ዓመቷ ነበር፤ ሁለት ትንንሽ ልጆች ነበሯት። ይህን እያወቅሁ እንደ ማንኛውም ልብ ወለድ ላነበው አልቻልኩም።

ያስፈራኝ ሕመሙ ሲጀምር ሕመም አለመምሰሉ ነው። ኤስተር ጎበዝ ተማሪ ናት። በፈረንጆቹ 1953 ውድድር አሸንፋ ኒውዮርክ ውስጥ አንድ መጽሔት ቤት ለወር ያህል ትሠራለች። ግብዣው፣ ስጦታው፣ ፎቶው ሌላ ነው። ሰው ሁሉ ይቀናባታል፤ እሷ ግን ውስጧ ባዶ ነው። ቤቷ ስትመለስ፣ ስትጓጓለት የነበረው የጽሑፍ ኮርስ አልተቀበላትም። ከዚያ እንቅልፍ እምቢ አላት። ሦስት ሳምንት ልብሷን አላጠበችም፣ ፀጉሯንም አልታጠበችም። ዛሬ ታጥቤ ነገ መልሼ ልታጠብ፣ ምን ዋጋ አለው ትላለች። በኋላ ማንበብ እንኳ አቃታት። ከመጽሐፍ ጋር ላደገች ልጅ!

እኛ ሰፈር ቢሆን «ጠግባ ነው» ይሏት ነበር።

መጀመሪያ የሄደችበት ሐኪም የት ኮሌጅ እንደምትማር ጠየቃትና፣ በጦርነቱ ጊዜ እዚያ ስላያቸው ቆነጃጅት አወራላት። ከዚያ ሕክምና ነው ብሎ ያለ ማደንዘዣ በኤሌክትሪክ አነዘራት። እዚህ ጋ መጽሐፉን ዘግቼ ተነሣሁ። ኤስተር «ሁለተኛ እዚያ አልሄድም» ስትል ደግሞ እናቷ ደስ አላት። «ልጄ እንደነዚያ ሆስፒታሉ ውስጥ እንዳሉት ሰዎች እንዳልሆነች አውቅ ነበር» አለች። ክፉ ሴት አይደለችም። ባሏ ሞቶባት፣ እያስተማረች ብቻዋን ልጆች ያሳደገች ናት። ግን ነገሩ ቶሎ እንዲያልፍላት ፈለገች፤ ልጅቷም ዝም አለች። ቀጥሎ ራሷን ለማጥፋት እንደሞከረች ታውቂያለሽ።

በኋላ ያከመቻትን ዶክተር ኖላንን ግን ወደድኳት። «ሳልነግርሽ ያንን የኤሌክትሪክ ሕክምና አይሰጡሽም» ብላ ቃል ገባችላት። ቀኑ ሲደርስ ኤስተር ተከዳሁ ብላ ስታለቅስ፣ በጠዋት ራሷ መጥታ ነገረቻት፤ ይዛትም ሄደች። በማደንዘዣ ስለተደረገላት ያ ስቃይ አልተደገመም። ለእኔ ግን ከመድኃኒቱ እኩል ያዳናት የዚያች ሴት እውነተኛነት ነው።

አሁን ወደ አንቺ ልምጣ። ፈተና ላይ ነሽ፤ ድካም ያለ ነው። ግን እንቅልፍ ካጣሽ፣ መብላት ካስጠላሽ፣ የምትወጂው ነገር ሁሉ ጣዕሙ ከጠፋ ንገሪኝ። በእኩለ ሌሊትም ቢሆን ደውዪ። «ለእማዬ ጭንቀት አልጨምርባት» እንዳትዪ። «ምንም አይደል፣ ያልፋል» አልልሽም። ጸበል እንደማምን ታውቂያለሽ፤ ጸበሉም ይኖራል፣ ሐኪም ቤትም አብሬሽ እሄዳለሁ። ሐኪሙ ካላዳመጠሽ ሌላ እንፈልጋለን። ሰው ምን ይላል የሚለውን ለእኔ ተዪው።

እሑድ እደውላለሁ። ስለ ፈተናው ሳይሆን ስለ እንቅልፍሽ ነው የምጠይቅሽ፤ እውነቱን ንገሪኝ።

እናትሽ